አለቃ መጨረሻ ይናገራል

«ጋሼ፣ ወንበርዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩልኝ።»

አለቃችን የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዲያዞሩ የጠየቃቸው ሰው ከዚያ ሰኞ በፊት አልነበረም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ምን አጥፍቼ ነው?»

«ምንም አላጠፉም። ሰው የእርስዎን ፊት እያየ ነው የሚናገረው። ፊትዎን ካጣ የራሱን ይናገራል።»

አለቃችን ዞሩ። ግድግዳው ላይ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ የሚያነቡት አላጡም።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ለአምስት ቀን ሥልጠና ይላካል፣ የሚመለሰው ግን ሌላ ሰው ነው። ሲሄድ የያዘው አንድ እስክሪብቶ ነበር፤ ሲመለስ ባለ ቀለም ወረቀት፣ ወፋፍራም ማርከርና «አሳታፊ» የሚል ቃል ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት በሰላም ተቀምጦ መሰብሰብ የለም።

የእኛው አራሚያችን ነው። የእርማት ክፍል ማለት እሱና አንድ ጠረጴዛ ናቸው። ሥልጠናው የደረሰውም ሌላው ሰው ሁሉ ሥራ አለብኝ ስላለ ነው። በተመለሰ ማግስት «ክቡር አወያይ» የሚል ማዕረግ ሰጠነው። ማዕረጉ ጥቅማ ጥቅም የለውም።

ከእሱ በፊት ስብሰባችን እንዲህ ነበር፤ አለቃችን ይናገራሉ። ሲደክማቸው «አስተያየት?» ይላሉ። እኛም በተራ «እንደተባለው ነው» እንላለን። አንድ ሰኞ «ዛሬ ማክሰኞ እንደመሆኑ መጠን» ብለው ጀመሩ። ዙሪያውን እንደተባለው ብለን ተበተንን። ከመካከላችን ለማክሰኞ ቀጠሮው ሊደርስ የሮጠም ነበር።

ክቡር አወያይ መጀመሪያ ወንበሮቹን ወደ ኮሪደር አስወጣ። «የተቀመጠ ሰው ወሬ ያበዛል» አለ። ለአለቃችን ብቻ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ አንድ ወንበር ፈቀደ። ቀጥሎ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ አመጣ። ማንም ረስቶ ቤቱ እንዳይወስደው ከአንድ ክንድ ጣውላ ጋር የታሰረ ቁልፍ ነው። «የሚናገረው ቁልፉን የያዘ ብቻ ነው» አለ። የስፖርት ገጽ አዘጋጁን ንግግሩ ስለማያልቅ «ጭማሪ ሰዓት» እንለዋለን። እሱ ቁልፉን ይዞ ገና ወደ ንግግሩ መግቢያ ሲጠጋ ፎቶ አንሺው ከኋላ እጁን ዘረጋ።

«አስተያየት አለህ?» አለው ጭማሪ ሰዓት።

«የለኝም። ቁልፉን ነው የምፈልገው።»

በዚያ ቤት አጭር ንግግር የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ሌላ ጊዜ ሐሳባችንን ያለ ስም ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ እንድንለጥፍ አደረገ። ሁላችንም የየሰውን እጅ ጽሑፍ ስለምናውቅ ምስጢሩ አልዘለቀም። እሱ ደግሞ አመል ሆኖበት እየዞረ ሁሉንም በቀይ አረመው። አንድ ሳምንት ደግሞ የማይነጋገሩ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ «ሕንፃውን እየዞራችሁ ተመካከሩ» ብሎ ላከ። እኔ ከጭማሪ ሰዓት ጋር ደረሰኝ። ከሁለት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ሻይ ቤት ገብተን ክቡር አወያይን አማነው። ዛሬ ወዳጆች ነን።

«አንተ ራስህስ ምን ታስባለህ?» ያሉት እንደሆነ መልሱ አንድ ነው፤ «አወያይ አስተያየት የለውም።» ድምፅም አይሰጥም። ምሳ ምን እንብላ ሲባል እንኳ ዙሪያውን አስጠይቆ የብዙኃኑን ይበላል።

አልሆን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አለቃ መጨረሻ ይናገር ያለው። አለቃችን ዝም ሲሉ እኛ ቅንድባቸውን ማንበብ ጀመርን። ቅንድቡ ከተነሣ ተቃወምን፣ ከወረደ ደገፍን። ግድግዳው የመጣው ለዚህ ነው። የመጣበት ቀን ግን ሌላ ነገርም ይዞ ነበር።

የጋዜጣው ባለቤቶች ወጪ ይቀነስ ብለው ነበር። ከሁለት አንዱ ይቀራል፤ ወይ ሠራተኛውን ማታ ቤቱ የሚያደርሰው ሰርቪስ፣ ወይ የእርማት ክፍሉ። አለቃችን ይህን ብቻ ተናግረው ዝም አሉ።

ሁላችንም ወደ አራሚው ዞርን። የገጽ ቀማሪዋ፣ በየቀኑ አብራው ሻይ የምትጠጣው፣ ቀስ ብላ «አንተ ዛሬ ይቅርብህ፤ ሌላ ሰው ያወያይ» አለችው።

«ለምን?»

«ጉዳዩ ያንተ ነዋ።»

«አወያይ ጉዳይ የለውም» አለና አለቃችንን ወደ ግድግዳው አዞራቸው። ከዚያ ቁልፉን ለጭማሪ ሰዓት ሰጠው።

«ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ከከተማ ዳር ነው የምኖረው» አለ ጭማሪ ሰዓት። «ሰርቪሱ ከቀረ ልጆቼን ተኝተው ነው የማያቸው።» ቁልፉን አሳለፈ። እንዲህ አጥሮለት አያውቅም።

ፎቶ አንሺው እርማትን አሁን ኮምፒውተርም ይሞክረዋል አለ። የገጽ ቀማሪዋ ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬት እያየች «ስህተት የታተመ ዕለት አንባቢ ይስቃል፣ ያልፋል። እኔ ማታ መንገድ ላይ መኪና ሳጣ ግን አያስቅም» አለች።

እኔ ሰርቪሱ ይቅር አልኩ።

«አንተማ ቤትህ ከቢሮው ጥላ ሥር ነው» አለኝ ፎቶ አንሺው።

«ቁልፍ ሳትይዝ አትናገር» አለው ክቡር አወያይ። ልጁ ግን እውነቱን ነው። በእግሬ ነው የምሄደው፤ ጀግንነት አልነበረም።

ቁልፉ ዞሮ እሱ እጅ ተመለሰ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለ። «ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉ ይሁኑ። የእርማት ክፍሉ ይዘጋ የምትሉ፣ እጅ።»

እኔ ዕድሜዬን በዘጋቢነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጨፍን ሲሉኝ የምጨፍን ቢሆን ኖሮ ሌላ ሥራ እፈልግ ነበር። አንድ ዓይኔን ከፈትኩ። ድምፅ የምንሰጠው አሥራ አንድ ነን፤ ስድስት እጅ ወጥቷል። የገጽ ቀማሪዋ እጅ አንዱ ነው። እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በእስክሪብቶው ቆጠረ። ከሌላው ጫፍ ጀምሮ ደግሞ ቆጠረ። የፊተኛውን ገጽ የሚያርመው እንዲህ ነው።

«አውርዱ። ሰርቪሱ ይቅር የምትሉ።»

አምስት። የእሱ እጅ ቢጨመር እኩል ይሆን ነበር። እጁ ቁልፉን እንደያዘ ቀረ።

«ክፈቱ። ስድስት ለአምስት። የእርማት ክፍሉ ይዘጋል።»

ገልብጦ ቢናገር የሚያውቅበት አልነበረም፤ ከእኔ በቀር። በሙያዬ ብዙ ድምፅ ሲቆጠር አይቻለሁ። እንደዚህ ያለ ቆጣሪ አላየሁም።

አለቃችን ወንበራቸውን መልሰው አዞሩ።

«እኔ ሰርቪሱን ላስቀር ነበር የመጣሁት» አሉ። «መጀመሪያ ተናግሬ ቢሆን ይሄኔ እንደተባለው ብላችሁ ሻይ ላይ ነበራችሁ።»

ማንም ቀና አላለም። የገጽ ቀማሪዋ ጥፍሯን ታያለች።

«አሁንም የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው» አሉና ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ ምን ትላለህ?»

«አወያይ አስተያየት የለውም፣ ጋሼ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ስብሰባው አልቋል። አሁን አወያይ አይደለህም።»

«አላለቀም» አለ። ሄዶ ቁልፉን እጃቸው ላይ አኖረው። «እርስዎ ገና አልተናገሩም።»

አለቃችን ጣውላውን አገላብጠው አዩት። ቅንድባቸውን አየን፤ አልተነሣም፣ አልወረደም።

«እንደተባለው ነው» አሉ።

በወሩ መጨረሻ ቀይ እስክሪብቶዎቹን በካርቶን ይዞ ወጣ። ማርከሮቹን ለእኛ ተወልን። ያን ዕለት ማታ ሰርቪሱ ሲሞላ በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ተሰናበተ፤ ማን እጁን እንዳወጣ እያንዳንዱን ያውቃል፣ የማንንም ሰላምታ ከሌላው አላሳጠረም። የገጽ ቀማሪዋ ያን ቀን ሰርቪስ አልገባችም። በእግሯ ሸኘችው።

አሁን አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ቀጥሮታል። ስብሰባ ላይ ሹፌሮቹን ያቆማቸዋል አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ስለሚውሉ ወደውታል። እሑድ እሑድ ደውዬ ጋዜጣችን ላይ ስንት ስህተት እንዳገኘ እጠይቀዋለሁ። ቁጥሩን ይነግረኛል፣ አስተያየት አይሰጥም።

እሱ በሄደ በመጀመሪያው ሰኞ ወንበሮቹን ከኮሪደር መልሰን አስገባን። አለቃችን ገቡ፣ ቁልፉን ለጭማሪ ሰዓት ሰጡት፣ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ።