ሲቸገር ማንን ይጠራል?

ፕሮግራም በሚጻፍበት ቢሮ ሁሉ፣ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ቢሮ ሰው ጋሼ ናቸው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለሳቸው ተብሎ የተተረተ ይመስለኛል።

ፕሮግራማችን ሌሎች ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፏቸውን ላይብረሪዎች፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ጥቅሎች፣ ካላገኘ ንቅንቅ አይልም። እነሱን ፈልጎ ከኮዳችን ጋር የሚያገጣጥምልን ጋሼ ድሮ የጻፉት፣ ሜክፋይል የሚባል የትእዛዝ ዝርዝር ነበር፤ ምሥጢሩን ከሳቸውና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። ጡረታቸው ሲቃረብ አለቃችን ጨነቃት። «እሳቸው ከወጡ ሥራውም አብሯቸው ወጣ ማለት ነው። ሌላ መሣሪያ ምረጡ!» አለችን።

ሲሜክ የተባለውን መሣሪያ አቀረብን። «ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ነው፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ጉንፋንም ሁሉንም ሰው ይይዛል። ሲቸገር ማንን ይጠራል?»

ሜሰን የተባለውን ሌላ መሣሪያ አመጣን። «ፈጣን ነው።»

«ሩጫ ላወዳድረው ነው እንዴ? ሲቸገር ማንን ይጠራል?»

በሜሰን ድርቅ አልን። ፈተናው አሮጊቷ ላይ ሆነ። አሮጊቷ የምንላት መስኮቱ ሥር ያለችው፣ ምንም ያልተጫነባት ኮምፒውተር ናት፤ በክቡርነታቸው በጋሼ ሕግ እሷ ላይ ያልሠራ ነገር አልሠራም። በሁላችንም ኮምፒውተር ላይ ሽር ብትን ሲል የነበረው መሣሪያ እሷ ጋ ሲደርስ «ላይብረሪው አልተገኘም» ብሎ ቀጥ አለ። ለካ እኛ ጋ የሠራው፣ እያንዳንዳችን ሥራ ስንጀምር ጋሼ ላይብረሪዎቹን በእጃቸው ስለጫኑልን ነው! ማናችንንም ትዝ አላለንም።

«ላም አለኝ በሰማይ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸው ጠፋ።

«እኔን ነው የሚጠራው ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ደግሞ አልኖርም።»

ከዚያ ወዲያ ቁጭ ብለው ሠሩ። የጎደለውን ላይብረሪ ራሱ አምጥቶ ራሱ እንዲገጣጥም ሜሰንን አንድ በአንድ አስተማሩት። በተሰናበቱን ቀን አሮጊቷ ያለማንም እርዳታ ሠራች።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ማንንም አይጠራም» ብለው ጃኬታቸውን አነሡ። እስከ በሩ ድረስ ተከትለን ሸኘናቸው።

እውነትም አልጠራም። አንድ ቀን እንኳ አልተበላሸም፣ የተረገመ! ጋሼ የሌሉበት ቢሮ አልለመድ አለኝ። ትናንት አላስቻለኝምና ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ላይብረሪው አልተገኘም እያለኝ ነው።»

«የትኛው?»

ይሄን አላሰብኩበትም። «ሁሉም» አልኩ።

«ውሸታም!» አሉኝ። ቁልፋቸው ሲንቃጨል ግን ይሰማኝ ነበር። «መጣሁ። አሮጊቷን አስነሣልኝ።»