የአዳራሹ ዘብ አባባ ቼንግፑ

ዘር ቆጣሪ የሌለበት መንደር የለም። መንደሩ መንገድ ሊያጣ ይችላል፣ መብራት ሊያጣ ይችላል፤ ዘር ቆጣሪ ግን አያጣም። የእኛው ክቡር አባባ ቼንግፑ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን ካለፈ ቆይቷል፤ ድምፃቸው ግን ገና ሃያ አልሞላውም።

እንግዳ ሰው ከአውቶቡስ አንድ እግሩን እንዳወረደ የእኛኑ የዘር ስም ጠርቶ "ሊያው እባላለሁ" ካለ አለቀለት። "ስሙን ተወው፣ ሊያው እንደ ሣር የትም ይበቅላል። የየትኛው አዳራሽ ልጅ ነህ?" ይሉታል። የሞቱ አያቶቻችን የስም ጽላት የሚቀመጥበት የኛ የአያቶች አዳራሽ ስሙ ዉዌይ ነው። ከበሩ በላይ ተቀርጿል፣ በሠርግ ፋኖስ ላይ ይጻፋል፣ በመቃብር ድንጋያችንም ላይ አለ። ዉዌይ ማለት እንግዲህ የቀድሞ አባቶቻችን ወጡበት የሚባል፣ በሰሜን ምዕራብ ያለ አቧራማ አገር ነው። እኛ ግን በደቡብ ምሥራቅ ያለን የፉጂያን ተራራ ሰዎች ነን፤ ከዝናቡ ብዛት ያጠብነው ልብስ አይደርቅልንም። አባባ ቼንግፑ ዉዌይን በዓይናቸው አይተው አያውቁም፣ አያታቸውም አላዩም። ስለ እሱ ሲያወሩ ግን ትናንት እዚያ እራት በልተው የተመለሱ ነው የሚመስሉት።

አንድ ጊዜ ጥርሳቸውን ሊነቅል የመጣውን ሐኪም፣ መንቀያው አፋቸው ውስጥ እያለ፣ አዳራሹን ጠየቁት። ለካስ የኛው ሰው ኖሯል፤ በትውልድ ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ይሆናል። "አጎቴ" ብሎ እስኪጠራቸው ድረስ አፋቸውን መልሰው አልከፈቱለትም። ሌላ ጊዜ ሙሽራ ያመጡ ልጆች ከከተማ የገዙት ፋኖስ የአዳራሽ ስም አልነበረበትም። አባባ በሩ ላይ ቆመው፣ "ልጅቷ የማን ቤት እንደምትገባ ሳታውቅ ልትገባ ነው እንዴ?" ብለው መኪናውን በዝናብ አስቆሙት። ቀለም ተፈልጎ ዉዌይ እስኪጻፍ ሙሽራይቱ መኪናው ውስጥ በሳቅ ስትፈርስ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወረደ።

ደግሞም የትውልድ ነገር አለ። አያቶቻችን አንድ ግጥም ትተውልናል፤ እያንዳንዱ ትውልድ በተራው ከግጥሙ አንድ ቃል ወስዶ በስሙ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ታላቅና ታናሽ የሚለየው በዕድሜ ሳይሆን በቃል ነው። በጸደይ መሥዋዕት ቀን ከሁሉ ፊት ቆሞ ዕጣን የሚይዘውም በቃል የሚበልጠው ሰው ነው። እሱ ማን ይመስላችኋል? አባባ ቼንግፑ ያችን የፊት ቦታ ከዓይናቸው ብሌን አብልጠው ይወዷታል።

ከመንደሩ ጫፍ ደግሞ ሹዊገን የሚባል ዳክዬ አርቢ ይኖራል። አባቱ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ሊያው ነኝ ብለው መጥተው፣ እዚሁ ኖረው፣ እዚሁ ሞቱ። ስማቸው የተጻፈበት የእንጨት ጽላት ከምድጃው በላይ ባለ መደርደሪያ ላይ ጭስ ሲጠጣ ኖሯል። ሲሞቱ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ከሊያዎች ጋር አስገባኝ" የሚል። ሹዊገን በየጸደዩ ይመጣል፣ አባባም በየጸደዩ አዳራሹን ይጠይቁታል። አላውቅም ይላል፣ ይመልሱታል። እኔ በበኩሌ አንጀቴ ይቃጠል ነበር።

ዘንድሮም ጽላቱን በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ዕጣኑ ተለኩሷል፣ እኛም ተሰልፈናል። አባባ ያችኑ ጥያቄ ጠየቁ።

"አዳራሹን አላውቅም፣ አባባ። ይልቅ አባቴ እህል ከመቅመሴ በፊት የሚያስደግመኝ ነገር ነበረች፤ 'ሥሩን በአሸዋ የተከለ፣ ቅርንጫፉ ዝናብ የጠጣ...' የኔ ቃል ጂንግ ነው ይለኝ ነበር። መንገድ ላይ ስለተወለድኩ ግን በዚያ ስም የጠራኝ የለም።"

አባባ ቼንግፑ የያዙትን ዕጣን አስቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ጥላው ሺህ ቢሆን፣ ግንዱ አንድ የሆነ" ብለው ግጥሙን ጨረሱለት። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ጂንግ፣ ዩዋን፣ ከዚያ የራሳቸው ቼንግ። እንደገና ቆጠሩ። ያው ነው። ዳክዬ አርቢው በትውልድ አያታቸው ሆኖ አረፈው።

ከሳቸው በቀር ያንን ግጥም እስከ መጨረሻው የሚያውቅ አልነበረንም፤ እኛ የምናውቀው የራሳችንንና የአባታችንን ቃል ብቻ ነው። ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር? ከፊት ቦታቸው ማን ያነሣቸው ነበር?

ልብሳቸውን አስተካከሉ፤ ከፊት ቦታቸው ወጥተው በነዚያ በሚንቋቁ ጉልበቶቻቸው ተንበረከኩ።

"አያቴ፣ ይግቡ። እስከ ዛሬ የጠየቅሁዎት ጥያቄ የተሳሳተ ነበር።"

ሹዊገን ደነገጠ። "ኧረ አባባ፣ እኔ እኮ ልጅዎ እሆናለሁ!"

"ዕድሜማ ዳክዬዎችዎም አላቸው፤ ትውልድ ግን ትውልድ ነው። ከፊት ይቁሙ።"

ርችቱ ተተኮሰ፣ ሴቶቹ አለቀሱ፣ ጽላቱ ገባ። ከጭስ ወጥቶ ከአያቶቹ መሃል ሲቀመጥ ሹዊገን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔም፣ ያን ሁሉ ዓመት በሆዴ ስረግማቸው የኖርኩትን ሽማግሌ፣ እንደዚያን ቀን ወድጃቸው አላውቅም።

ተዋርደው ቤታቸው የሚቀመጡ መስሏችሁ ከሆነ አታውቋቸውም። በማግስቱ የሹዊገንን የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ትከሻቸው ላይ አድርገው ገበያውን ሲዞሩ ዋሉ፤ በየደረሱበትም "ተነሡ እንጂ፣ አክስቴ ናት!" እያሉ ሰዉን ከመቀመጫው ያስነሡ ነበር።

አሁን በአዳራሹ ውስጥ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው የሚቆሙት። ሹዊገን ዕጣኑን ይዞ ጸሎቱ መሃል ላይ የአያት ስም ሲጠፋው ወደ ኋላ ዘንበል ይልና፣ "ቼንግፑ፣ ቀጥሎ ማን ልበል?" ይላል በሹክሹክታ።

"እነግርዎታለሁ፣ አያቴ" ይላሉ አባባ ቼንግፑ፤ መንደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።