ለልጄ የመጣው ፈተና እኔን ጣለኝ

አታምኑኝም፣ ዛሬ አንደኛ ክፍል ውስጥ ወደቅኩ። ከወንበር አይደለም፤ ከፈተና!

ባለቤቴ ለዘመድ አዝማድ ከማዳረሷ በፊት ራሴ ፖስት ላድርገው ብዬ ነው።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ጠበቃ ነኝ። ልደታ ፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ስቆም ምላሴ አይደናቀፍም። ችግሩ ቤት ነው።

ልጄ ሐያት ሰባት ዓመቷ ነው። «ጫማሽን አውልቂ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ቦርሳሽን አምጪ» ስላት ጫማዋን ታወልቅና ቆማ ታየኛለች። እኔ ደግሞ «ጆሮ የለሽም እንዴ?» እላለሁ።

አዎ፣ እላለሁ። አትፍረዱብኝ። እሺ፣ ፍረዱብኝ።

ጠዋት መምህርቷ፣ ቲቸር ቤተልሔም፣ ደወለች። «ሐያት ክፍል ውስጥ መከታተል እየቸገራት ነው፤ ቢመጡና ብንነጋገር» አለችኝ።

ሱፌን እንደለበስኩ ሄድኩ። ተቀመጥኩና አሥር ደቂቃ ሙሉ ተናገርኩ። «ልጅቷ ብሩህ ናት። ችግሯ እልኸኝነት ነው። ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙልኝ።» ሐያት አጠገቤ ሆና የዩኒፎርሟን ቁልፍ ታሽከረክራለች። ቲቸር አንዴም አላቋረጠችኝም።

ስጨርስ «እርስዎን በአንድ ነገር ልሞክርዎት?» አለችኝ።

«ምን ችግር አለው» አልኩ። ኮንፊደንሴን ብታዩት!

«ከመደርደሪያው ሰማያዊውን ደብተር ያምጡ፣ ገጽ አሥራ ሁለትን ይግለጡ፣ ከታች ስምዎን ይጻፉ፣ ከጎኑ ሦስት ክብ ይሳሉ፣ ከዚያ ዘግተው መስኮቱ ጋ ያስቀምጡት» አለች፣ ረጋ ብላ።

ግቢው ውስጥ ልጆች ይንጫጫሉ። ከአጥሩ ውጭ የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ይላል። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል።

ሰማያዊውን ደብተር አመጣሁ።

ከዚያ በኋላ ባዶ።

ክብ የሚባል ነገር እንደነበረ ብቻ ትዝ አለኝ። ሽፋኑ ላይ አንድ ክብ ሳልኩ። የሕግ ዲግሪ ያለው ሰው!

ሐያት እጅጌዬን ሳብ አድርጋ በሹክሹክታ፣ «አባዬ፣ ሲጠፋብህ አጠገብህ ያለውን ልጅ እይ። እኔ እንደሱ ነው የማደርገው» አለችኝ።

ልስቅ ነበር። አልቻልኩም።

እልኸኛ ናት ያልኳት ልጅ ለካ ቀኑን ሙሉ የሰው ደብተር እያየች፣ ሌሎቹ ላይ ለመድረስ ስትሮጥ ነው የምትውለው።

የቲቸር ንግግር ከእኔ በጣም ያጥራል። «ሆን ብላ አይደለም። ትዕዛዙ ሲረዝም መሃሉ ያመልጣታል፤ ጫጫታ ካለ ይብስባታል። እኔ ከፊት አስቀምጫታለሁ። እርስዎም ዓይን ዓይኗን እያዩ አንድ በአንድ ይንገሯት። ምክንያቱን እኔ ማወቅ አልችልም፤ መጀመሪያ ግን ጆሮዋን ያስመርምሯት» አለችኝ።

ግቢው ውስጥ ከነሱፌ ቁጢጥ ብዬ ሐያትን «ጆሮ የለሽም ማለቴ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «እሺ። ብስኩት ትገዛልኛለህ?»

ፍርዱ ይሄ ከሆነ ይግባኝ አልልም። ገዛሁላት፤ ለሐሙስም የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ያዝኩ።

ቤት ስንገባ ሞከርኩት። ዓይኗን አይቼ «ዩኒፎርምሽን ቀይሪ» አልኩ። ቀየረች። «አሁን ሳህኖቹን አምጪ።» አመጣች። ሳልጮህ! በዚህ ዓይነት እኔና እሷ እንግባባለን፤ ቀስ እያልን እንደርሳለን።

ባለቤቴ ዘሃራ ከሥራ ስትመለስ ነገሩን ከነክቡ አወራኋት። ስጨርስ ጠየቀችኝ፦

«ለሐሙስ ቀጠሮ የያዝከው ለአንድ ሰው ብቻ ነው?»

ሌላኛው ማነው ብዬ አልጠየቅኳትም። መልሱን የሚያውቅ ጠበቃ ምን ብሎ ይጠይቃል?