በጠራራ ፀሐይ የተጀመረ ተረት

ዛሬ መተማ ላይ የሆንኩትን ብነግራችሁ «ድሮም ያመው ነበር» ትሉኛላችሁ። በሉኝ። ይገባኛል!

አስተማሪ ለመሆን ስፈተን ነበር። ልጆቹ ጆሯቸውን በእጃቸው ደፈኑብኝ።

ጆሯቸውን! ሁሉም!

እስቲ ከሥሩ ልንገራችሁ። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ አንድ የተተወ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። የሚፈለገው አንድ አስተማሪ ብቻ። ፈላጊዎቹ ሁለት፤ እኔና ዘውዱ።

እኔ ማለት በስደቱ ጊዜ ሱዳን አገር ገዳሪፍ ኖሬ፣ ከእንግሊዞቹ ሰፈር «ጉድ ሞርኒንግ»ን ለቅሜ የተመለስኩ ሰው ነኝ! ዘውዱስ? ከ«ሀ ሁ» በቀር አፉ ሌላ አያውቅም። ሳየው ሳቄ ይመጣ ነበር።

ከወደቅኩ የሚጠብቀኝ የአጎቴ ማሳ ላይ ሰሊጥ ማጨድ ነው። በዚህ ሐሩር! ወገቤ ገና ሲያስበው ያመዋል።

የሚያሠለጥኑን አለቃ ተድላ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ደጋግመው የሚሉን አንድ ነገር ነበር። «እዚህ የሚመጣው ልጅ አንድ ዓይነት አይደለም። የደገኛ ገበሬ ልጅ አለ፣ የሙስሊም ነጋዴ ልጅ አለ፣ ከሽንፋ ወንዝ ማዶ የጉሙዝ ልጅ አለ። የቤቱን ተረት ከአስተማሪው አፍ የሰማ ልጅ ልቡን ይሰጣችኋል።»

ዘውዱ ይህን ሲሰማ አዛጋ።

እኔ ግን ተነሣሁ! ገበያ ለገበያ ዞሬ ከደገኞቹ የጦጣ፣ ከነጋዴዎቹ የግመል፣ ከአንድ የጉሙዝ አዛውንት ደግሞ የኤሊና የነብር ተረት ሰበሰብኩ። «ዘውዱ፣ አለቀልህ!» አልኩ በሆዴ።

ፈተናው ዛሬ ቀትር ላይ ሆነ። ነጭ ጀለቢያዬን ለብሼ ገባሁ። ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ እናቶች በሩን ሞልተውታል፣ አለቃ ጥግ ይዘዋል።

«ጉድ ሞርኒንግ! ቲቸር በሉኝ» አልኩ። በቀትር!

«እሺ የኔታ» አሉኝ። ይሁን፣ አለፍኩት።

«ተረት ተረት!»

ልጆቹ ዞረው እናቶቻቸውን አዩ።

«የላም በረት» የሚል አንድ ልጅ ይጥፋ? ደገምኩት። እርስ በርስ ተያዩ። ደነዞች ናቸው አልኩ። ደነዙ ማን እንደሆነ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ቀጠልኩ። «ኤሊ ነብርን ምሳ ጋበዘችው። ነብሩ ሲመጣ ድስቱ ተጥዷል። ‹በል ክፈተው› አለችው። ነብሩም ክዳኑን አነሣና...»

ጆሮ መድፈኑ የተጀመረው ይኼኔ ነው። መጀመሪያ የነጋዴው ልጅ ሐሊማ። ቀጥሎ የጉሙዙ ልጅ። ከዚያ ደገኞቹ በሙሉ።

አንዲት እናት ከበር ዘልላ ገባችና ልጇን ብብቷ ሥር ከተተች። «አንተ! ተረት በቀን? ልጄን ልታደኸይብኝ ነው?»

የሐሊማ እናትም ተከተለች። «በቀን የተረተ መንገድ ይጠፋዋል! እኛ ደግሞ ነጋዴ ነን፤ መንገድ ጠፍቶን ምን ልንበላ ነው?»

የጉሙዙ ልጅ ጆሮውን እንደደፈነ «እኛም ጋ ሲመሽ ነው» አለ።

ወይ ነዶ! እንዴት ረሳሁት? በቀን ተረት ስጠይቃት በማማሰያ የምታባርረኝ የገዛ እናቴ አይደለችም እንዴ! ገዳሪፍስ ቢሆን በቀን የሚተርት ሰው መቼ አይቼ? የልጆቹን ልዩነት ስለቅም ከርሜ፣ ሁሉም የሚስማሙበትን አንዷን ነገር ዘለልኳት።

ከዚያ ዘውዱ ተነሣ። «ሀ በሉ!»

«ሀ!»

እናቶቹ እልል አሉ። ለ«ሀ»! አያችሁልኝ?

አለቃ ሹመቱን እዚያው ሰጡት። ዘውዱ ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ ቲቸር» አለኝ። ቲቸር ብሎ የጠራኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ቤቴ ገብቼ ማጭድ ስስል ዋልኩ። ልደብቃችሁ አልችልም፣ አልቅሻለሁ። ጉራዬን ተዉትና፣ እነዚያን ልጆች ማስተማር ከልቤ እፈልግ ነበር።

ፀሐይዋ እንደጠለቀች ደጄ ላይ ኮቴ ሰማሁ። ሐሊማ ናት። ከኋላዋ የጉሙዙ ልጅ፣ ከእሱ ኋላ ደገኞቹ፣ ከነእናቶቻቸው! ያችው «ልታደኸይብኝ ነው» ያለችኝ ሴትዮ ቁርበት ይዛ መጥታ ከሁሉ ፊት ተቀመጠች።

«የኔታ፣ አሁን መሽቷል» አለች ሐሊማ። «ድስቱ ውስጥ ምን ነበረ?»

ለካ ጆሯቸውን ደፍነው አንዲት ቃል አላመለጠቻቸውም!

ከሰዉ ሁሉ ኋላ አለቃ ተድላ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ማጭዴን ወረወርኩ። ሐሳባቸውን ቀይረው ነው አልኩ።

«ሹመቱ የዘውዱ ነው፤ አይለወጥም» አሉኝ። «እኔም የመጣሁት ለድስቱ ነው።»

እንግዲህ ቀን ሰሊጥ አጫጅ፣ ማታ ደመወዝ የሌለው የኔታ ሆኜ ተሾምኩላችሁ።

እናንተም ድስቱ ውስጥ ምን ነበረ ልትሉኝ ነው? እስቲ ቀና ብላችሁ ሰማዩን እዩ። ፀሐይ ካለች ሲመሽ ኑ። በአንድ ተረት ሁለት ጊዜ የምዋረድ መሰላችሁ?