የሊቁ መንታ ልጆች

(የፈተና አዳራሽ በር ላይ። መምህሩ ጠይቀው ሳይጨርሱ እጁን የሚያወጣው «ሊቁ» በጨርቅ የተጠቀለለ የአሸዋ ከረጢት ታቅፎ ላብ በላብ ሆኗል፤ ሌላውን ከረጢት ለአፍታ ያስያዘው ለመኝታ ክፍል ጓደኛው ነው። ጓደኛው ሁሉን ነገር በዝግታ ስለሚያደርግ «ቀስበቀስ» ይሉታል።)

ሊቁ፦ አንገቱን ደግፍ አልኩህ እኮ!

ቀስበቀስ፦ የቱ ጋ ነው አንገቱ?

ሊቁ፦ ገመዱ የታሰረበት ነዋ!

ቀስበቀስ፦ ውይ፣ እኔ እግሩ መስሎኝ! እስካሁን ዘቅዝቄው ነው የቆየሁት። ስሙ ማነው?

ሊቁ፦ አሸዋ ምን ስም አለው፣ አንተ ድንጋይ!

ቀስበቀስ፦ ታዲያ ለአሸዋ ምን ያስጮህሃል?

ሊቁ፦ ትምህርት ነዋ! የተማሪዎች የቤተሰብ ዕቅድ ክበብ ያዘጋጀው። «ልጅ» ትቀበላለህ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከእቅፍህ አታወርድም። ያወረደ ወደቀ። ያለፈ ደግሞ የተማሪው ሁሉ አማካሪ ይሆናል፤ ማለትም እኔ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ሲባል አልሰማህም?

ቀስበቀስ፦ ጥናቱስ?

ሊቁ፦ የምን ጥናት? በየትኛው እጄ ደብተር ልግለጥ?

ቀስበቀስ፦ ዛሬ እኮ የመጨረሻው ፈተና ነው።

ሊቁ፦ ለዚሁ ነው የጠራሁህ! ፈታኙ «ይዘህ አትገባም» አለኝ። ካልተፈተንኩ ደግሞ ዓመቱን መድገሜ ነው። ያዝልኝ።

ቀስበቀስ፦ እኔስ አልፈተንም?

ሊቁ፦ አንተማ ብትገባም ባትገባም ያው ነህ። ቆይ፣ ያንተ ልጅ የታለ? አብረን አይደል የተመዘገብነው? ጣልከው!

ቀስበቀስ፦ አልወሰድኩም።

ሊቁ፦ (እየተንከተከተ) ገና ከበሩ ወደቅሁ በለኛ!

ቀስበቀስ፦ የክበቡ ሰብሳቢ «ልጅ ልስጥህ?» አለችኝ። «ለምረቃዬ ሁለት ዓመት ይቀረኛል፤ ልጨርስና ያኔ ስጪኝ» አልኳት። እጄን ጨበጠችኝ። ለካ ፈተናው ጥያቄው ኖሯል። ከሰኞ ጀምሮ አማካሪው እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ቀስበቀስ፦ አፌን ስከፍት ገፍተኸኝ አለፍክና «ለእኔ መንታ ይሁንልኝ» አልካታ!

(ፈታኙ «በሩ ሊዘጋ ነው!» እያለ ይጣራል።)

ሊቁ፦ ወንድሜ፣ ምን ይሻለኛል?

ቀስበቀስ፦ (ሁለቱንም ከረጢት ግድግዳው ሥር እያስቀመጠ) አሸዋ በመሆናቸው ተመስገን በልና እንግባ። የሚያለቅሱ ቢሆኑ ኖሮ እዚሁ መቅረትህ ነበር። «አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።»

ሊቁ፦ (በሹክሹክታ) በናትህ፣ ለማንም እንዳትናገር።

ቀስበቀስ፦ የአማካሪ አፍ ምስጢር ይጠብቃል። መንታዎችህን ግን ግቢው ሁሉ አይቷቸዋል።