የመንጃ ፈቃዱና የጋሽ ከድር ትከሻ

«እማዬ፣ ልጓሟ የታለ?» አለችኝ ትንሿ ልጄ አልማዝ። ጎረቤታችን ጋሽ ከድር አዲሷን ሞተር ብስክሌቱን ደጃችን ላይ አቁሟት ነበር። ልጅቷ ዞረቻት፤ ከፊት አየች፣ ከኋላ አየች፣ ልጓም አጣች። እኔም ሳቅሁ፣ ጋሽ ከድርም ሳቀ። ምን ያስቃል? ለመሆኑ ከሁለታችን መልሱን የሚያውቅ ነበር?

ጋሽ ከድር የእህል ነጋዴ ነው። አሰላ ውስጥ እንደሱ ፈረስ የሚያውቅ የለም ብል አላጋነንሁም። ያልተገራ ፈረስ ያለው ሁሉ ወደሱ ይወስዳል። ሲገራ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ በገመድ ያዞረዋል፤ ቀጥሎ ባዶ ጆንያ ጀርባው ላይ ያስለምደዋል፤ ኮርቻ የሚጭንበት ከስንት ማባበል በኋላ ነው። ክረምቱ ካልወጣ ገበያ አያስገባውም። «ያ ሃዳ ታደሰ» ይለኛል፤ የታደሰ እናት ማለቱ ነው፤ «ሰውና ፈረስ ሳይተዋወቁ ገበያ ከወጡ፣ በደህና የሚመለሰው ፈረሱ ብቻ ነው።»

እንግዲህ ይኸው አዋቂ ሰው ነው ሞተሯን በገዛ በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ቁልቁል የነዳት። ከፊቱ ላሞች ገቡ። ደነገጠ። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ እጁ የሚያደርገው የለመደውን ነው። የጋሽ ከድር እጅ የለመደው ልጓም መሳብ ነው። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ደረቱ ሳበ! የሞተር ነገር ግን ግልባጩ ነው፤ የቀኙ እጀታ ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ ቤንዚን ይሰጣል። በሳበ ቁጥር ትበራለች፤ በበረረች ቁጥር ይስባል። ፍሬኑ ከእግሩ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፤ ማን ያስታውሰው? «ቁሚ! ኧረ ቁሚ አንቺ!» እያለ ላሞቹን ስቶ ሸክላ ሻጮቹ መካከል ገባ። ገንቦው አለቀ፣ እንስራው አለቀ፣ የሱም ትከሻ ተሰበረ። ፈጣሪ ሲያተርፍ ሰው አልሞተም።

ከተማው ሰነበተ ሲስቅበት። «ገብስ ነፍገሃት ይሆናል» ያሉት አሉ። ልጠይቀው ብሄድ፣ ትከሻው ታስሮ ተጋድሟል። «አማርኛ አትሰማ፣ ኦሮምኛ አትሰማ! በሁለቱም ለምኛታለሁ» አለኝ። ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንሁና፣ «ለመሆኑ ማን አስተማረህ?» አልሁት።

«ማንም።»

«ታዲያ ፈቃድ የለህማ!»

በደህናው እጁ ከትራሱ ሥር አወጣና አሳየኝ። ፎቶግራፍ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ደሜ የፈላው ያን ጊዜ ነው።

ፈቃድ ሲያወጣ ምን እንደ ጠየቁት ነገረኝ። የሐኪም ወረቀት፣ ቴምብር፣ ጉርድ ፎቶግራፍና ዋስ። ዋስ ምን ሊረባ ነው? ሬሳ ሊሸከም? ከዚያ ፈቃድ የሚሰጡት ሹም ሥዕል አውጥተው፣ ይህ ባቡር የሚያቋርጥበት መንገድ ምልክት ነው፣ ባቡር ሲመጣ ቁም አሉት። ባቡር! አሰላ ላይ! ስለ ላም ግን ያነሳ የለም። መጨረሻ ላይ ከግቢው ወጡና ጡሩንባዋን ንፋ አሉት። ነፋ። አለፈ። ነገሩ በጡሩንባ ከሆነማ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ አውሮፕላን ማብረር ይችላል።

ይህን ሁሉ በሳቅ ባሳለፍሁት ደስ ባለኝ። ግን በዚያው ሰሞን ትልቁ ልጄ ታደሰ እየፈነደቀ ገባ። ታደሰ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ወደ ጢቾ መድኃኒት እንዲያመላልስ መሥሪያ ቤቱ ሞተር ሰጥቶታል፤ ፈቃዱንም በአንድ ጠዋት አውጥቷል፤ ነገ ይሄዳል። የጢቾን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጭቃው፣ ጉሙ፣ ቁልቁለቱ። ልጄ ደግሞ ያደገው አጎቱ ዘንድ፣ ፈረስ ላይ ነው።

«ላም ቢገባብህ ምን ታደርጋለህ?» አልሁት።

ሁለት እጁን ጨብጦ አሳየኝ። ወደ ደረቱ ሳበ።

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁትም ዳዊት ለመድገም ያህል ነው፤ ከሹም ጋር መሟገት አልፈጠረብኝም። ያን ቀን ግን ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ጾም ነበርና ክፉ ቃል እንዳያመልጠኝ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምሁ ሹሙ ዘንድ ደረስሁ።

«እመት፣ ልጅዎ ሕጉ የሚጠይቀውን ሁሉ አሟልቷል» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ ሕጉ ማቆም መቻሉን ጠይቋል?»

«እሱን መንገድ ያስተምረዋል።»

«የቱ ጋ? ገደሉ አፋፍ ላይ?»

ብዕራቸውን አንሥተው ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ። እኔ ግን መተው አልቻልሁም። «እንግዲያው ይችላል ብለው ፈርመውለታልና፣ ከኋላው ተፈናጥጠው እስከ ገበያው ደርሰው ይመለሱ» አልኋቸው። ጸሐፊዎቹ አንገታቸውን ወረቀት ውስጥ ቀበሩ። ሹሙ ጫማቸውን አዩ። ለካ ወገባቸውን ያማቸዋል። ደግሞም የልጆች አባት ናቸው።

ሰማችሁ? እሳቸው የገዛ ፊርማቸው ላይ አይቀመጡም፤ የኔን ልጅ ግን አስቀመጡበት! ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ይህቺ ግን ትዋጋለች፤ ያውም የገዛ ጋላቢዋን። ለፈረስ አንድ ክረምት፣ ለዚህች ብረት አንድ ጡሩንባ? የልጅ ነፍስ ከገንቦ ረክሶ ነው? ትቻቸው ወጣሁ። ታደሰን «ሞተሯን ተዋት» ብለውም፣ እንጀራው ናትና እምቢ ይላል። እመቤቴን አንቺው ታውቂያለሽ ብዬ ገባሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ታደሰ የመድኃኒቱን ሳጥን ሞተሯ ላይ ሲያስር ደረስሁ። «አውርደው» አልሁት። «ዛሬ ጭነትህ እኔ ነኝ።» ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርሁና፣ በስመ አብ ብዬ ከኋላው ጉብ አልሁ።

«ኧረ እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ለቅሶ ከሚመጣ ይሳቅ። ንዳ! ወደ ጉግሱ ሜዳ!»

ሜዳው መሐል ስንደርስ ጆሮው ሥር «ላም!» ብዬ ጮህሁ። ሳበ። እንደ ፌንጣ ዘለልን። ጀርባውን በጡጫ አልሁት፤ «እጅህን ልቀቅ! በእግርህ እርገጥ!» እንደገና ነዳ፣ እንደገና ጮህሁ፣ እንደገና ሳበ፣ እንደገና መታሁት። ድምፄ እስኪዘጋ እንዲህ ዋልን። ኋላማ «ላ...» ከማለቴ እጁ ይለቃል፣ እግሩ ይረግጣል፣ ሞተሯም ቀጥ ትላለች። እግዚአብሔር ይመስገን። ጢቾም መድኃኒቷን አንድ ቀን ብትጠብቅ አትሞትም አልሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ እንቁላል እንደ ተሸከመ ሰው ቀስ፣ ቀስ እያለ ይነዳል። አንድ የሲሬ ሰው በበቅሎ ከኋላችን ደረሰ። ጎናችን ሲሆን ሞተሯን በሐዘን ተመለከተና፣ «እማማ፣ ታማለች እንዴ?» ብሎኝ አለፈን።

ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤ የልጄን ጎን በክርኔ ጎሸም አደረግሁና፣ «ኧረ ጨምር!» አልሁት። «ደግሞ በቅሎ ይቅደመን?»