ፈጣን ይቅርታ

እንዲህ ያለ የመሥሪያ ቤት መስኮት ገጥሟችሁ ያውቃል? ሰልፉ አጥሩ ድረስ ተዘርግቶ ታዩና ዛሬ እዚህ መዋሌ ነው ብላችሁ ትቆማላችሁ። ሰልፉ ግን እንደ ጉድ ይንቀሳቀሳል። እንዴት ያለ ቀልጣፋ ሠራተኛ ቢሆን ነው ትላላችሁ። ተራችሁ ሲደርስ ይገባችኋል። ሰውየው ቀና ሳይል «በሪ ካለይ» ይላችኋል። ጅግጅጋ የኖረ ሰው ሌላ ሶማልኛ ባይችል እንኳ ይህችን «ነገ ና» አይስታትም፤ ከጎንደርም ሆነ ከወላይታ ተመድቦ የመጣው ባለመስኮት መጀመሪያ የሚለምደው እሷን ነው። የሠራተኛ ጉብዝና ከመስኮቱ ዞር ባለው ሰው ብዛት የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ የዚህ ሰውዬ ደረት ሜዳሊያ መስቀያ ቦታ አይተርፈውም ነበር። አትሳቁ። በዚህ ዓይነት መለኪያ ተለክተን ሲጨበጨብልን አይቻለሁ።

የምሠራው በአንድ የትምህርት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። ድሮ ዝውውር የፈለገ መምህር ጅግጅጋ ድረስ መጥቶ መሰለፍ ነበረበት። ቱሊ ጉሌድ ወረዳ ለሚያስተምረው ቅርብ ነው። ለአፍደሙ ግን ድሬዳዋን፣ ከዚያም ሐረርን ዞሮ መምጣት ነው። ስለዚህ መምህሩ ካለበት ሆኖ በስልኩ እንዲመዘገብ ተብሎ ድረ ገጽ ተሠራ፤ ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚከፈት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ከመጀመሪያው ተቆጥቼ እንዳልነበር እንድታውቁልኝ ነው።

እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር፣ በጌትነት ምክንያት። ጌትነት አፍደም ፊዚክስ ያስተምራል። ሚስቱ ሰናይት ደግሞ ጅግጅጋ፣ እኔ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከትንሽ ልጃቸው ጋር ትኖራለች። ትምህርት ተዘግቶ አባቷ ሲመጣ ልጅቷ ወደ እኔ በር ሮጣ «እንግዳ መጥቶብናል» ትለኛለች። ዝውውር ለጌትነት ከእንግድነት መውጫ ነበር።

ገጹ ሳይከፈት በፊት ሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹን ይዞ ለጠየቀው ሁሉ የሚያቀብለው ማሽን፣ ሰው ሲበዛበት ይችል እንደሆነ መሞከር የእኔ ሥራ ነው። የምሞክርበት መሣሪያ ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ቁልፍ የለው። ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ትጽፉለታላችሁ፤ ይህን ያህል ጥያቄ ላክ፣ ይህን ያህሉን ደግሞ በአንድ ጊዜ። እሱም ብቻውን ሕዝብ ሆኖ በሩን ያንኳኳል። በጥቂት ሰው ልክ ስሞክረው ሰርቨሩ ረጋ ብሎ ቅጹን አቀበለ። የአንድ ወረዳ መምህራን ያህል ጥያቄ በአንዴ ስልክበት ወገቡ ተቆረጠ። ቅጹን ትቶ ለመጣው ሁሉ «ይቅርታ፣ አገልግሎቱ ለጊዜው የለም፤ ቆይተው ይሞክሩ» የምትል ገጽ መወርወር ጀመረ። ገጿ መዝገብ አታገላብጥ፣ ስም አትፈልግ፤ ቀላል ናት። ፍጥነቱ ሰማይ ነካ።

ውጤቱ ሲወጣ ጥያቄዎቹ ሁሉ መልስ አግኝተዋል፣ የከሸፈ ዜሮ ነው ይላል። ከሥሩ ደግሞ አንዲት መስመር አለች፤ ከመልሶቹ ውስጥ ትክክለኛ ያልሆኑት ስንት እንደሆኑ ትናገራለች። ሁሉም ማለት ይቻላል። መሣሪያው አልዋሸም። ለእሱ መክሸፍ ማለት መልስ ማጣት ነው፤ ይቅርታም መልስ ነው።

ኃላፊያችን ከኋላዬ ቆመው ነበር። ኢንጂነር እንላቸዋለን፤ ምን እንደገነቡ ጠይቀን አናውቅም።

«ዜሮ ነው አይደል የሚለው?»

«የታችኛዋን መስመር ይዩልኝ፣ ኢንጂነር። ሰርቨሩ የመለሰው ይቅርታ ብቻ ነው።»

«መልሷል ወይስ አልመለሰም?»

«መልሷል።»

«በቃ።»

በማግስቱ ስብሰባ ላይ የላይኛዎቹ መስመሮች ግድግዳውን ሞልተው ታዩ። የታችኛዋ አልመጣችም። ተጨበጨበ። እጄን አውጥቼ መናገር ስጀምር፣ ባለሙያ ነገር ማካበድ ይወዳል ተባለና የሻይ ዕረፍት ሆነ።

ገጹ በተከፈተ ዕለት ጌትነት ደወለ። «ጋሽ ዳኜ፣ የእናንተ ነገር ፈጣን ነው። ገና ሳልነካው ይቅርታ ይለኛል» አለኝ። ደጋግሞ እንዲሞክር ነገርኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ሲሞክር ሰነበተ። ከዚያ ያደረገውን ስሙ። ክፍሉን ለባልደረባ አደራ ሰጥቶ፣ መኪና ተሳፍሮ ጅግጅጋ መጣ። ቀረብ ብዬ ልሞክር ብሎ። እሱ ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ከየወረዳው የመጡ መምህራን በመሥሪያ ቤታችን ግንብ ሥር ተደርድረው ስልካቸውን ይነካካሉ። ጉዳይ የሚያልቀው በአካል ቀርበው ሲጠይቁ ነው ብሎ ያስተማራቸው ማን ሆነና ልፍረድባቸው? ከሀርሺን የመጣው መምህር ጌትነትን «ዋርያ፣ አንተ ሰውዬ፣ ወደ ግንቡ ትንሽ ጠጋ በል፤ ሰርቨሩ እንዲያውቅህ» ይለዋል። ይሳሳቃሉ። የፊዚክስ መምህሩ ጠጋ አለ።

ወደ ኢንጂነር ወጥቼ በወረቀት እንመዝግባቸው ብዬ ለመንኩ። ወደ ኋላ ልትመልሰን ነው አሉኝ። በመስኮት ወደ ታች አይተው፣ ምዝገባው በኢንተርኔት ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ሰው ግንቡ ሥር ምን ይሠራል ብለው ተገረሙ። ለጥበቃው ደወሉና እንዲበተኑ ተደረገ። ሳምንቱ አለቀ። ገጹ ተዘጋ። ሰርቨሩ ያን ዕለት ከሰዓት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ፍጹም ጤነኛ ነበር።

ሪፖርቱ በማግስቱ ሲወጣ አነበብኩት። የተመዘገበው መምህር ጥቂት በመሆኑ፣ የመምህራን የዝውውር ፍላጎት በእጅጉ ቀንሷል፤ መምህራኑ በተመደቡበት ቦታ ተረጋግተዋል ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ግንቡ ሥር ሲሞክሩ ሰንብተው የተበተኑት ሰዎች በሪፖርቱ ላይ ተረጋግተዋል!

ጌትነትን የድሬዳዋ መኪና መሳፈሪያ ድረስ ሸኘሁት። ለልጁ እንደሚመጣ ብቻ ነግሯት ነበር የወጣው፤ መቼ እንደሆነ አልነገራትም። ሪፖርቱ ምን እንደሚል ነገርኩት። ቦርሳውን ጭኖ ከጨረሰ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ጋሽ ዳኜ፣ አደራህን ይህን ሪፖርት ሰናይት እንዳትሰማው። ፈልጎ ነው አፍደም የቀረው ትለኛለች።»